ስካን የተደረገ ሥዕል በፕለጊን ወደ ሌየር ሲከፋፈል ቀለሙ ለምን ይፈሳል?

ንድፈኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቀለም ብዕር የተሠራ የኤ4 ሥዕል በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ተደርጎ ፎቶሾፕ ውስጥ ገብቷል። የምፈልገው መስመሩ ብቻውን፣ ከሥሩ ደግሞ ቆዳው፣ ፀጉሩ፣ ልብሱና ጀርባው በየራሳቸው ሌየር (ተደራራቢ ገጽ) እንዲቀመጡ ነው። መልቲፊልና ፍላተን የተባሉትን ፕለጊኖች (ፎቶሾፕ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ጫንኩ። መልቲፊልን ሳስኬደው ፊቱና ጀርባው አንድ ቀለም ይሆናሉ። በየመስመሩ ዳር ነጣ ያለ ክር ይቀራል። በጭረት ጥላ የተሠራበት ቦታማ በመቶ የሚቆጠር ፍርፋሪ ቀለም ነው የሚሆነው። የቱ ጋ ነው ስህተቱ?

ጥቁርቀለም፦
ወንድሜ፣ ሦስቱም የሚመጡት ፕለጊኑ ከመከፈቱ በፊት ካለው ዝግጅት ነው። መልቲፊል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዙሪያው የተዘጋ ነጭ ቦታ ሲያገኝ የዘፈቀደ ቀለም ይሞላዋል። ፊትና ጀርባ አንድ ቀለም ከያዙ አገጩ ወይ ጆሮው አካባቢ መስመሩ ተከፍቷል ማለት ነው፤ የአንድ ፒክስል ቀዳዳ ይበቃዋል። ነጩ ክር ደግሞ ከአንቲ-አልያሲንግ (ዳርን በመካከለኛ ቀለም ከማለስለስ) ይመጣል። የስካን መስመር ዳሩ ላይ ግራጫ ፒክስሎች አሉት፣ ግራጫው ደግሞ ለፕለጊኑ ነጭም ጥቁርም አይደለም።

ስለዚህ ሁለት መስመር ያስፈልግሃል፤ አንዱ ለዓይን፣ አንዱ ለፕለጊኑ።

የዓይኑን መጀመሪያ አውጣ። ሌቭልስ (የብርሃንና የጥቁረት ማስተካከያው) ውስጥ የወረቀቱ ሸካራነት እስኪጠፋ የነጩን ማንሸራተቻ ወደ ግራ ሳበው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 220 ባለው ይጠራል። ቻነልስ በሚለው ፓነል ላይ ኮንትሮልን ይዘህ የአርጂቢን (የቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ድምር) ትንሽ ምስል ጠቅ ስታደርግ ብሩሁ ክፍል ይመረጣል። ምርጫውን በኮንትሮል+ሺፍት+አይ ገልብጠው፣ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈት፣ ዲ (D) የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ቀለሙን ወደ ጥቁር መልስ፣ ከዚያ በኦልት+ባክስፔስ ሙላው። ግራጫው ሁሉ በከፊል የሚያሳልፍ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ከሥሩ የትኛውም ቀለም ቢገባ ነጭ ክር አታይም። ሌየሩን ‹መስመር› በለውና ቆልፈው።

ለፕለጊኑ የሚሆነውን ከዋናው ስካን ቅጂ ላይ ሥራ። ትሬሾልድ (ሁሉንም ወደ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚለውጠው ትእዛዝ) 128 ላይ ይጀምራል። ቀጫጭን መስመሮች ከተበጣጠሱ ወደ 160 ወይም 180 ከፍ አድርገው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብዙ ግራጫ ወደ ጥቁር ይገባል። የፋይሉ ሞድ አርጂቢ መሆኑንም አረጋግጥ፣ ግሬይስኬል (ግራጫ ብቻ ያለው ሞድ) ላይ ቀለም የሚያርፍበት የለም። ቀዳዳዎቹን በፔንስል መሣሪያ ድፈን፣ 2 ወይም 3 ፒክስል ይበቃል። ብሩሽ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ዳሩን ስለሚያለሰልስ ያጠፋኸውን ግራጫ መልሶ ያመጣዋል። መልቲፊልን አስኪደው፣ የፈሰሰበትን ልብ በል፣ በኮንትሮል+ዜድ ተመለስ፣ ድፈን፣ ድገም። ሁሉም ተለያይቶ ሲታይ ፍላተንን አስከትል። እሱ ጥቁሩን አንሥቶ ጎን ለጎን ያሉትን ቀለሞች ከመስመሩ ሥር እስኪገናኙ ያሰፋቸዋል።

ባለብሩሽ፦
ጥቁርቀለም ያለው ልክ ነው፤ የጭረቱን ነገር ልጨምር። ለፕለጊኑ በተዘጋጀው ቅጂ ላይ የጥላ ጭረቶች ምንም ሥራ የላቸውም። ኢሬዘሩን ሞዱን ፔንስል አድርገህ፣ ወይም በነጭ ፔንስል፣ የውስጡን ጭረት በሙሉ አጥፋና የቅርጹን ዙሪያ ብቻ አስቀር። የሚታየው ‹መስመር› ሌየር ላይ ጭረቱ እንዳለ ስለሆነ ከሥዕሉ ምንም አይጎድልም። እጅጌ ላይ ያሉ 60 ጭረቶች በመካከላቸው ሃምሳ ምናምን ጠባብ ነጭ ሰርጥ ይፈጥራሉ፤ ያ ሁሉ ፍርፋሪ የመጣው ከዚያ ነው።

ሌላው የሚረሳው ሙሉ በሙሉ በጥቁር የተሞላ ቦታ ነው። ፀጉሩ ጥቁር ከሆነ ፍላተን እንደ ወፍራም መስመር ቆጥሮ ይበላዋል፣ የፊቱና የጀርባው ቀለም ፀጉሩ መሃል ላይ ይጋጠማሉ። ለኅትመት ብቻ ከሆነ ከላይ ያለው ጥቁር ይሸፍነዋል። ፀጉሩን ለብቻው ሌየር ከፈለግህ ግን ከፍላተን በፊት በሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ በጥቁር ሰማያዊ፣ ለውጠው። በባልዲ (ቀለም መሙያ መሣሪያው) አትሞክር፤ የፀጉሩ ጥቁር ከሌላው መስመር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሥዕሉ ሁሉ ሰማያዊ ይሆንብሃል። ላሶውን (በእጅ ዙሪያውን እያዞሩ መምረጫውን) ፌዘሩን (የዳር ማለስለሻውን) 0 አድርገህ፣ አንቲ-አልያስን አጥፍተህ፣ ዙሪያውን አዙርና ሙላ።

ፒክስል_በፒክስል፦
ፍላተን ካለቀ በኋላ ቶሎ ወደ መቁረጥ አትሂዱ። መጀመሪያ የተበታተነውን ሰብስቡ፤ ሁለቱ እጆች፣ አንገቱና ፊቱ አንድ የቆዳ ቀለም ይያዙ። ባልዲውም ማጂክ ዋንዱም (ተመሳሳይ ቀለም መምረጫው) ቶለራንሳቸው (ምን ያህል የተለየ ቀለም እንደሚቀበሉ) 0፣ አንቲ-አልያስ የጠፋ ይሁን። ከዚያ ዋንዱ ላይ ኮንቲጊውስ (የተያያዘውን ብቻ ምረጥ የሚለውን) አጥፍታችሁ ቆዳውን ጠቅ ስታደርጉ ቆዳ ሁሉ ይመረጣል፤ ኮንትሮል+ጄ አዲስ ሌየር ያደርገዋል።

ይህን መቁረጥ ክሪታ የተባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል። ሌየር ሜኑ ውስጥ ስፕሊት ሌየር የሚለው በሥዕሉ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሌየር ያወጣል። ፈዚነስ የሚለውን ቁጥር ዝቅ አድርጉት፤ ከፍ ካለ ተቀራራቢ ቀለሞች አንድ ላይ ይገባሉ። ቀለሙ ላይ አንቲ-አልያሲንግ ካለ ደግሞ በሁለት ቀለም መካከል ያለው እያንዳንዱ ቅልቅል ቀለም ራሱን የቻለ ሌየር ሆኖ ፋይሉ መላ ቅጡ ይጠፋል። ፎቶሾፕ ለሌላቸው ጂሚክ የሚባለው ነፃ ፕለጊን ጂምፕ በተባለው ነፃ የምስል ፕሮግራምና በክሪታ ላይ ይሠራል፤ ለመስመር ሥዕል የተዘጋጀው የማቅለሚያ ማጣሪያው ትንንሽ ክፍተቶችን ራሱ ስለሚዘጋ የድፈናው ሥራ ይቀንሳል።

ጥቁርቀለም፦
እኔ ግን ለኅትመት ከሆነ ቀለሙን አንድ ሌየር ላይ መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ኤ4 በ600 ዲፒአይ 4960 በ7016 ፒክስል ነው፣ ወደ 35 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። ከ20 በላይ ሌየር ሲሆን ማሽኑም ዓይንም ይደክማል፤ በዋንድ አንድ ጠቅታ ግን የትኛውንም ክፍል ያወጣል። መለያየቱ የግድ የሚሆነው ክፍሎቹ የሚንቀሳቀሱ ከሆነ ነው። ያኔም ፕለጊኑ ያልተሣለን ነገር አይፈጥርም፤ ክንዱ ሲነሣ ከሥሩ ያለው የልብስ ክፍል ባዶ ይሆናል፣ እሱ በእጅ መሞላት አለበት።

ንድፈኛ፦
ሁለቱን መስመር ለየሁና ፍሰቱም ክሩም ጠፋ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቀዳዳው ጆሮው ሥር ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ፋይሉን ወደ 300 ዲፒአይ ሳወርደው ዋንዱ የቀለሙን ዳር አንድ ረድፍ ፒክስል እየዘለለ ይመርጣል።

ባለብሩሽ፦
ኢሜጅ ሳይዝ ሲያሳንስ ፒክስሎችን ስለሚያማክል ነው፤ በቆዳና በልብስ መካከል ሁለቱንም ያልሆነ ቀለም ተፈጥሯል። ለቀለሙ ሪሳምፕል የሚለውን ኒረስት ኔበር (ፒክስሎችን ሳያማክል አንዱን ብቻ የሚወስደው) አድርገው። ግን ምርጫው ሙሉውን ፋይል ስለሚነካ መስመሩን ጥርሳም ያደርገዋል። ስለዚህ የ600ውን ፋይል ሁለት ጊዜ ቅዳው፤ አንዱን በኒረስት ኔበር ወደ 2480 በ3508 አሳንሰህ ቀለሙን ውሰድ፣ ሌላውን በባይኪዩቢክ (በሚያማክለው ዘዴ) አሳንሰህ መስመሩን ውሰድ። መስመሩን ሺፍት ይዘህ ወደ ቀለሙ ፋይል ስትጎትተው ልክ በቦታው ያርፋል። የቀለሙን ሌየር በፍሪ ትራንስፎርም ስታዞርም እንዲሁ ኢንተርፖሌሽኑን (የፒክስል ስሌቱን) ኒረስት ኔበር አድርግ። ፋይሉን በፒኤስዲ ወይም በፒኤንጂ አስቀምጥ፤ በጄፔግ ከተቀመጠ ዳሩ ይረበሽና ቶለራንስ 0 ከእንግዲህ አይሠራልህም።