በውሃ እጥረት ስለተጎዱ የመስኖ ማኅበራችን አባላት ለመንግሥት የሚቀርብ የጋራ ጥያቄ፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፦ አንደኛው አንቀጽ «በውሃ እጥረት ሰብላቸው ለደረቀባቸው አባላት የመንግሥት እርዳታ እንጠይቃለን» ይላል። እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉ። ጉዳቱን በየማሳው ዞሮ የሚመዘግብ ሰውም ያስፈልጋል።

የታችኛው ቦይ ተወካይ፦ ምዝገባውን እኔ እወስዳለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ «እርዳታ» የሚለው ይሰረዝ። እርዳታ የሚለመን ነገር ነው፤ እኛ ግን ለመጠጥ ውሃ ቅድሚያ ተሰጥቶ መስኖው ስለተዘጋብን የምንጠይቀው «ካሳ» ነው።

የላይኛው ቦይ ተወካይ፦ ካሳ የሚከፈለው መብት ሲነካ ነው። የውሃ መጠቀሚያ ፈቃዳችን በድርቅ ዓመትም ሙሉ ውሃ እንደምናገኝ አይልም።

ሒሳብ ያዥ፦ ውሃው ቀድሞ የሚደርሰው እርስዎ ጋ ስለሆነ ሕጉን ማስታወስ አይከብድዎትም። በውሃ ተራ ክፍፍሉም ጊዜ ያሉት ይህንኑ ነበር።

የላይኛው ቦይ ተወካይ፦ የተራው ጉዳይ በቃለ ጉባኤ ተዘግቷል። «ካሳ» ከገባ አልፈርምም።

አንድ አባል፦ «ድጎማ» ቢባልስ?

ሒሳብ ያዥ፦ ድጎማ ለማዳበሪያ ነው።

አንጋፋ አባል፦ አራት ቀን ሙሉ በአንድ ቃል ተከራከርን፤ ዋናው ነገር ግን የትኛው ገበሬ ይገባዋል የሚለው ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1992 ድርቅን ገበሬው ሊዘጋጅበት የሚገባ የሥራ ሥጋት አድርጋ ፖሊሲ ብታወጣም፣ ድርቁ ሲበረታ የብድር ወለድ መደጎሟን አልተወችም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ጉዳዩን የመረመረው የምርታማነት ኮሚሽኗም አሠራሩ አስቀድሞ የተዘጋጀውን ገበሬ የሚጎዳ ሆኖ አግኝቶታል። በዓለም ከሚቀዳው ንጹሕ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ለእርሻ የሚውል በመሆኑ፣ ጥያቄያችንን የሚመለከተው ሰው በአፈር ቦያችን ሰርጎ የሚጠፋውን መጠየቁ አይቀርም።

ሒሳብ ያዥ፦ በ«ካሳ» አልጸናም፤ «እርዳታ» ግን አይመለስ። «ድጋፍ» ይሁን።

የላይኛው ቦይ ተወካይ፦ እስማማለሁ። ቦዩን በኮንክሪት ማልበስና በየመክፈቻው የውሃ መለኪያ መትከል ቢጨመር የበለጠ ተቀባይነት ይኖረዋል።

ጸሐፊ፦ ምዝገባው የት ደረሰ?

ጸሐፊ፦ የታችኛው ቦይ ተወካይ ሁለት ጊዜ ተጠይቀው መልስ ስላልሰጡና ያለ መረጃ የሰብል ጉዳት መጠየቅ ስለማይቻል፣ አንደኛው አንቀጽ «ለቦይ ማልበስና ለውሃ መለኪያ ድጋፍ እንጠይቃለን» በሚል ተተክቷል።

አንድ አባል፦ ማሳው የደረቀበት ሰው ለመጪው ወቅት ዘር የሚገዛው በመለኪያው ነው?

ጸሐፊ፦ እሱ በአባሪ ይካተታል። አባሪውን የሚጽፍ ሰው ግን እፈልጋለሁ።