የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» ብሎ መጻፍ በሕግ ይፈቀዳልን?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

የ47 ዓመት የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ለረጅም ዓመታት ያገለገልኩበት አስመጪ ድርጅት ሥራውን ሙሉ በሙሉ በማቆሙ የስንብት ክፍያዬን ተቀብዬ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ በመፈለግ ላይ እገኛለሁ። በጋዜጣም ሆነ በቴሌግራም የሚወጡትን ማስታወቂያዎች እከታተላለሁ፤ ነገር ግን የትምህርት ደረጃው፣ የሥራ ልምዱና ደመወዙ የሚስማማኝ ሆኖ ሳለ ከግርጌው «ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል መስመር አገኛለሁ። አንዱ ማስታወቂያ ለከፍተኛ አካውንታንትነት የመጀመሪያ ዲግሪና 10 ዓመት የሥራ ልምድ ጠይቆ ዕድሜን በ35 ይገድባል። ዘግይቶ የተማረ ወይም በመካከል ሥራ ያጣ ሰው ይህን ሊያሟላ አይችልም።

ገደቡን እያወቅሁ ባመለከትኩበት አንድ ድርጅት፣ መዝጋቢዋ የዲግሪዬን ቅጂ ገልጣ የተመረቅሁበትን ዓመተ ምሕረት ካየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ የተፈለገው እኮ ወጣት ነው» ብላ ማስረጃዎቼን ሳትመዘግብ በትሕትና መለሰችልኝ። የቀድሞ ድርጅቴ ሂሳቡን ወደ አይ ኤፍ አር ኤስ (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ) ሲያሸጋግር ሥራውን የመራሁት እኔ ነበርኩ፤ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌርም ቢሆን ከወጣቶቹ አላንስም። ይህን ግን የሚጠይቀኝ አላገኘሁም። እንዲህ ያለውን ገደብ የሚከለክል ሕግ አለን? አቤቱታስ ለማን ይቀርባል?

መልስ 1 (የሕግ ባለሙያ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚያስደስት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ ዘርን፣ ፆታን፣ ሃይማኖትንና ሌሎችንም መነሻዎች ይዘረዝራል። ዕድሜ በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ አልተጠቀሰም፤ ሆኖም ድንጋጌው «በሌላ አቋም ምክንያት» የሚል ሐረግ ስላለው ዕድሜም በዚህ ይሸፈናል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም እንደዚያ አምናለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪው በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት የማይሆኑትን ይዘረዝራል። በሁለቱም ቦታ ዕድሜ በግልጽ አልተጻፈም። አገራችን ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 እንኳ ከዘረዘራቸው መነሻዎች መካከል ዕድሜ የለም።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ዐዋጁ «ሠራተኛ» የሚለው ከአሠሪ ጋር የሥራ ውል ያለውን ሰው ነው። እርስዎ ገና በመስኮቱ በኩል ማስረጃዎን እያቀረቡ ስለነበር፣ ተከሳሹ ድርጅት በመጀመሪያ የሚያነሣው መቃወሚያ «ይህ ሰው ሠራተኛዬ አይደለም» የሚል ይሆናል። ሕጉ በሥራ ላይ ያለውን ነባር ሠራተኛ ያከብራል፤ ለምሳሌ በአንቀጽ 29 መሠረት ሠራተኛ ሲቀነስ፣ ችሎታና ምርታማነት እኩል ከሆነ አስቀድሞ የሚነካው አነስተኛ አገልግሎት ያለው ነው። ያው ነባር ሠራተኛ ከበር ውጭ ሆኖ ሲያንኳኳ ግን ይህን ከለላ አያገኝም። ይህ መስተካከል ያለበት ከባድ ክፍተት ነው።

ለጊዜው ማስታወቂያውን ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ ማመልከቻዎ ያልተመዘገበበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥዎም ይጠይቁ። አቤቱታዎን ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማቅረብ ይችላሉ፤ ማስታወቂያውን ያወጣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ይመለከተዋል።

መልስ 2 (በሰው ኃይል አስተዳደር የሠራች)

ያ መስመር ወደ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚገባ ላስረዳ። አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞው ማስታወቂያ ተገልብጦ የሚመጣ ነው፤ ማንም ለምን እንደተጻፈ አይጠይቅም። ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ እጅግ ብዙ አመልካች ስለሚመጣ፣ ዕድሜ ክምሩን የሚያቀልል ወንፊት ሆኖ ያገለግላል። ከዚህ ሌላ ኃላፊዎች በዕድሜ የሚበልጣቸውን ሰው ማዘዝ ያሳፍራቸዋል፤ «ደመወዝ ያስወድዳል፣ ቶሎ ጡረታ ይወጣል» የሚል ግምትም አለ። ይህ ግምት በስሌት ሲታይ አይቆምም። የጡረታ ዕድሜ 60 በመሆኑ እርስዎ ገና 13 ዓመት ይሠራሉ፤ እኔ የቀጠርኳቸው ወጣት የሂሳብ ሠራተኞች ግን ብዙዎቹ የተሻለ ደመወዝ ባገኙ ጊዜ ጥለው ይሄዱ ነበር፤ በዚህም አልወቅሳቸውም።

ምክሬ፣ ገደቡን አይተው አይተዉት፤ ያመልክቱ። በማመልከቻ ደብዳቤዎ መጀመሪያ ላይ የአይ ኤፍ አር ኤሱን ሥራ ያስቀድሙ። የትውልድ ዘመንዎን ለመደበቅ አይሞክሩ፤ መታወቂያ ሲጠየቅ መታየቱ ስለማይቀር ጥርጣሬ ብቻ ይፈጥራል። ስለ ጡረታዎም አይስጉ፤ ከደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲከፈልልዎ ቆይቶ የ10 ዓመት አገልግሎት ከሞላዎት፣ 60 ዓመት ሲሞላዎት አበል የማግኘት መብትዎ ይጠበቃል። መዋጮው በትክክል ገቢ መደረጉን ግን አሁኑኑ ያረጋግጡ፤ ድርጅቱ ከተበተነ በኋላ ሰነድ ማግኘት ያስቸግራል።

መልስ 3 (ከባሕር ዳር)

ይህ ጉዳይ ሴቶችን በተለይ እንደሚጎዳ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ልጆቼን ለማሳደግ ከሥራ ወጥቼ በ40 ዓመቴ ልመለስ ስል በሩ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ገደቡ ልጅ ላሳደግሁባቸው ዓመታት የሚያስከፍለኝ ቅጣት ሆኖ ይሰማኛል።

መልስ 4 (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እዚህ አሜሪካ በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ሠራተኛም ሆነ ሥራ ፈላጊ ይጠብቃል። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ «ከ35 ያልበለጠ» ብሎ ቢያስተዋውቅ፣ ዕድሜው ለሥራው የግድ አስፈላጊ መሆኑን ካላስረዳ በቀር፣ ሕግ ጥሷል። የተበደለው ሰው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በ180 ቀናት ውስጥ፣ ክፍለ ግዛቱ የራሱ ሕግና አስፈጻሚ ካለው ደግሞ በ300 ቀናት ውስጥ ማመልከት አለበት። ሕጉ መድልዎን ፈጽሞ አላጠፋውም፤ ከአገር ቤት ብዙ ልምድ ይዘው የመጡ ወገኖቻችን «ልምድዎ ከቦታው በላይ ነው» ተብለው ሲመለሱ አይቻለሁ። ቢሆንም አሠሪው ገደቡን በግልጽ ለመጻፍ ይፈራል፤ አመልካቹም ቢያንስ ማስረጃው ይነበብለታል።

ከመልስ 1 ጸሐፊ ተጨማሪ

ከሜሪላንድ የተሰጠው አስተያየት ዋናውን ነጥብ ይነካል። እኛም ዘንድ የሚያስፈልገው በዐዋጁ ውስጥ ዕድሜን በስም መጥቀስና ክልከላው ሥራ ፈላጊንም እንደሚሸፍን መጻፍ ነው። ለበረራ አስተናጋጅነት ወይም ለፖሊስነት ምልመላ የሚቀመጥ ገደብ በሥራው ጠባይ ሊደገፍ ይችል ይሆናል፤ ለሂሳብ ሠራተኛ ግን አሳማኝ ምክንያት አይታየኝም። ጠያቂው የሰበሰቧቸውን ማስታወቂያዎች ከአቤቱታቸው ጋር ለኮሚሽኑ ካቀረቡ በኋላ፣ ቅጂውን ለኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም እንዲልኩ እመክራለሁ። አቤቱታውን በማርቀቅ ያለ ክፍያ ልረዳቸው ዝግጁ ነኝ፤ ፈቃደኛ ከሆኑ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ።