በሩን ቆልፌዋለሁ? ይሄ ነገር ከእናቴ የወረስኩት ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከመተኛቷ በፊት በሩን ሰባት ስምንት ጊዜ ትፈትሽ ነበር። ልጅ ሆኜ ያናድደኝ ነበር። አሁን 34 ዓመቴ ነው፤ ቁልፉን አዙሬ፣ እጀታውን ጎትቼ፣ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እወጣለሁ። ሐኪሙ ኦሲዲ ነው አለኝ፤ ሐሳብ አልለቅ ብሎ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም ነው። ወንድሜ ጤነኛ ነው፤ ግን ከያዘው ነገር ወደ ሌላ መዞር ይከብደዋል። በዘር የሚመጣ ነው? ወይስ ማስታወስ እያቃተኝ ነው? የስድስት ዓመት ልጄን ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።

መልስ (የሥነ ልቦና ባለሙያ)፦ አይዞሽ እህቴ። አዎ፣ ዘር ድርሻ አለው። ግን አንድ ጂን ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። በጥቅሉ ከ100 ሰው 2 ገደማ በሕይወቱ ይይዘዋል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ ያለበት ሰው ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እስቲ አስቢው፤ ልጅሽን ያለመያዙ ዕድል አሁንም በጣም ይበልጣል።

የወንድምሽ ነገር ደስ የሚል ጥያቄ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጨዋታ እያጫወቱ፣ ሕጉን ድንገት እየገለበጡ አንጎላቸውን አዩ። ከዓይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ሥራው የቀነሰው በኦሲዲ ታማሚዎቹ ብቻ አልነበረም፤ ጤነኛ የቅርብ ዘመዶቻቸውም ላይ ታየ። ሐሳብን ቶሎ ማዞር አለመቻል በቤተሰብ ሊኖር ይችላል፤ ሕመሙ ግን ላይመጣ ይችላል። ወንድምሽን ሳላየው ግን ምንም አልልም።

መልስ (እኔም አለብኝ)፦ ስለ ማስታወሱ እኔ ልንገርሽ። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ የሆላንድ ጥናት ጤነኛ ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የጋዝ ምድጃ ደጋግመው እንዲፈትሹ ተደረገ። ያስታወሱት ልክ ነበር። ግን ትዝታው ደበዘዘባቸው፤ ራሳቸውን ማመን አቃታቸው። መፈተሹ ራሱ ነው ጥርጣሬውን የሚያመጣው! ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ከባለሙያ ጋር ሆኜ አንዴ ቆልፌ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ መቆም ለመድኩ። መጀመሪያ ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። እየቆየ ግን በራሱ በረደ።

መልስ (የሁለት ልጆች እናት)፦ ልጅሽን «ቆልፌዋለሁ አይደል?» ብለሽ ትጠይቂያታለሽ? እኔ ልጄን ምስክር አድርጌው ነበር። ማረጋገጫ በሰጠኝ ቁጥር ፍርሃቴ ባሰ።

ጠያቂዋ፦ አዎ። ትናንት ሳልጠይቃት ከአልጋዋ ሆና «እማ፣ ተቆልፏል» አለችኝ።

መልስ (የሥነ ልቦና ባለሙያ)፦ በቀጠሮሽ ቀን መጀመሪያ ይህን ንገሪያቸው። ለእሷም «በሩ የእኔ ሥራ ነው፤ አንቺ ተኚ» በያት።