የ1964 ቮልስ ፍሬን፦ ዲስክ ልግጠም ወይስ ታምቡሩን ላድስ?

ጥያቄ (ከማራኪ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኳትን ቮልስ፣ የ1964 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ጎንደር ማራኪ በሚገኘው ግቢያችን እያደስኩ ነው። ቦዲውና ሞተሩ አልቀዋል፤ የቀረኝ ፍሬኑ ነው። አራቱም እግር ታምቡር (ሸራ ከውስጥ ተገፍቶ የሚይዘው ክብ ብረት) ነው። ከጎሃ ቁልቁለቱን ስወርድ ፔዳሉ እየላላ ይመጣል፤ ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ደግሞ መሪው ወደ ግራ ይስባል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከ1973ቱ ቮልስ 1303 ኤስ የተፈታ የፊት ዲስክ ከነካሊፐሩ (ዲስኩን ከሁለት ወገን ከሚቆነጥጠው) ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ልግዛው? ክረምቱ ሲወጣ እስከ ደባርቅ ሄጄ፣ ሊማሊሞንም ወርጄ መመለስ እመኛለሁ።

መልስ (ከቶርኖ ቤት)፦
ወንድሜ፣ አትግዛው። የ1303 የፊት እግር የቆመው በማክፈርሰን ሾክ ላይ ነው፤ የአንተ ግን ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ ብረት) እና ኪንግ ፒን (የፊት እግሩ የሚዞርበት ዘንግ) ነው። ካሊፐሩን የሚሸከመው ብረት ከአንተ መኪና ጋር የሚገናኝበት ቦታ የለውም። ቸርኬውም አይገጥምም፤ የአንተ ባለ 5 ቡሎን፣ የእሱ ባለ 4 ነው። ወደ ግራ የሚስበው ብዙ ጊዜ የቀኙ እግር ስለማይዝ ነው። የቀኙን ታምቡር ፍታና ሸራው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መኖሩን፣ ሸራውን የምትገፋው ትንሿ ሲሊንደር መጣበቋን እይ። ታምቡር በቶርኖ ካስላጥክ ግራና ቀኙን በእኩል መጠን አስላጥ።

መልስ (የድሮ መካኒክ)፦
ልጄ፣ ስለ ዲስክ ከማሰብህ በፊት ዋናውን የፍሬን ፖምፓ ተመልከት። የ1964ቱ ባለ አንድ መስመር ነው። አንዲት የጎማ ቱቦ ከፈነዳች ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ አራቱም እግር ባዶ ይቀራል። ባለ ሁለት መስመሩ ግን አንዱ ቢሄድ ሌላው ያቆምሃል። ቮልስዋገን ለአሜሪካ ገበያ በ1967 ሞዴል ወደ ሁለት መስመር የዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአሮጌዎቹ የሚሆን ባለ ሁለት መስመር ፖምፓ ይሸጣል፤ የዘይቱን ዕቃና የቱቦዎቹን አወጣጥ መለወጥ ግን ግድ ነው። በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተው አትርሳ፤ አለዚያ ፍሬኑ ሳይለቅ ይግላል።

የጎማ ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይር። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል። አንዱን ቆርጠህ ብታየው መርፌ እንኳ የማያሳልፍ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የብረት ቱቦዎቹም ዝገዋል። አንድ ባለሙያ በፍሪጅ መዳብ ልሥራልህ ብሎኛል። ይሆናል?

መልስ (የድሮ መካኒክ)፦
በፍጹም! ንጹሕ መዳብ በንዝረት ይሰነጠቃል። ለፍሬን የተሠራ የብረት ወይም የመዳብና ኒኬል ቱቦ ግዛ፤ ጫፉም ሁለቴ የታጠፈ ይሁን።

መልስ (የደባርቅ መንገደኛ)፦
እኔ በዲስክ አምናለሁ። ታምቡር ሲግል ስለሚሰፋ ፔዳሉ ይረዝማል፤ ዲስክ ግን ነፋስ ያገኛል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ለኪንግ ፒንና ለባለ 5 ቡሎን ቸርኬ የተዘጋጀ ሙሉ የዲስክ ዕቃ አውሮፓ ውስጥ ይሸጣል። ዋጋው ከብዶ ነው እንጂ ለሊማሊሞ የሚገባው እሱ ነው። ከገጠምክ ለዲስክ የሚሆን ፖምፓ ያስፈልጋል፤ ለታምቡር የተሠራው መስመሩ ውስጥ ግፊት ስለሚያስቀር ፍሬኑ ዲስኩን ሳይለቅ እያሸ ይቆያል።

መልስ (ከቶርኖ ቤት)፦
ዲስኩ ለወደፊት ይቆየው። አሁን የሚያስቸግረው የፔዳሉ መላላት ነው። ስትረግጠው እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር ገብቷል ወይም ዘይቱ ፈልቷል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናዋ ካልቆመች ሸራው ግሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ አዲስ ዶት 4 የተባለው ዘይት ሳይፈላ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሲችል፣ እርጥበት የጠጣው ወደ 155 ይወርዳል። አሮጌውን አፍስሰህ በአዲስ ሙላ፤ አየሩን ከፖምፓው ከሚርቀው የኋላ እግር ጀምረህ አስወጣ። ቀለም ላይ ጠብ ካለ ወዲያው በውኃ እጠበው፤ አዲሱን ቀለም ይልጠዋል።

የኋላውን ታምቡር ስትመልስ ባለ 36ቱን ዳዶ ወደ 300 ኒውተን ሜትር አጥብቀህ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ኮፒሊያ አስገባ። ሊማሊሞን ስትወርድ ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ይያዝልህ፤ ፍሬኑን ረግጠህ ልቀቀው እንጂ ተጭነኸው አትውረድ።

ጠያቂው፦
የዲስኩን ሻጭ አመስግኜ አሰናብቻለሁ። ባለ ሁለት መስመሩን ፖምፓና ቱቦዎቹን አዝዣለሁ። የቀኙን ታምቡር ስፈታ የትንሿ ሲሊንደር ጎሚኒ ተቀዶ ዘይቱ ሸራውን አርሶታል፤ የሁለቱንም እግር ሸራ ነገ አስለውጣለሁ።