በሩ ላይ የሚጠበሰው ቦምቦሊኖ ይነሳ ወይስ ይቆይ?

ብሎክ 31፦
ጎረቤቶቼ፣ እንዴት አመሻችሁ? ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ያልነበራችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በመኖሪያ ግቢያችን ዋናው በር፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ ጥበቃው ቤት ባለው ቦታ፣ ማታ ማታ ሦስት እናቶች ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳና ድንች ይጠብሳሉ። የነዋሪዎች ኮሚቴው «ይነሱ» የሚል ሐሳብ ይዟል፤ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ ድምፅ እንሰጣለን። ሐሳቡን ለኮሚቴው ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ከጀርባ ተወራ እንዳይባል ምክንያቴን እዚሁ በግልጽ ልናገር።

ቁመቴ 1.62፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። መስከረም ላይ ጤና ጣቢያ ሄጄ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 112 ሆነ። ከ100 እስከ 125 ያለው ስኳር በሽታ አይባልም፣ ግን ወደዚያው እየሄድሽ ነው አሉኝ። 6 ኪሎ ቀንሺ ተባልኩ። ማኪያቶ ያለ ስኳር ለመድኩ፣ ምሳ ከቤት ቋጥሬ መሄድ ጀመርኩ። ቀን ላይ ማንም አይፈትነኝም። የመሥሪያ ቤት ሰው ልደት ኬክ ሲቆረስ እጄን ሰብስቤ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ ክትፎ ቤት ገብቼ ጎመንና አይብ በልቼ ወጥቼ አውቃለሁ። የሚያቅተኝ ማታ ነው። ሜክሲኮ ተሰልፌ፣ ሳሪስንና ቃሊቲን አልፌ ቱሉ ዲምቱ የምወርደው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ምሳ የበላሁት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እግሬ መሬት ሳይነካ ሽታው ይቀበለኛል። ሊጡ ዘይት ውስጥ ሲገባ ቸስ ይላል፣ እየዞረ ይቀላል፣ በቀዳዳ ጭልፋ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ይደረደራል። «አንድ ብቻ» ብዬ እጀምራለሁ፣ ሦስት በልቼ ቤት እገባለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እራት አለ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ሳልበላ ይዤ ገባሁና ከልጄ ደብተር በቀደድኩት ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። 10 ደቂቃ አልሞላም፣ ወረቀቱ ዘይቱን ጠጥቶ ከሥሩ ያለው የጠረጴዛ ልብስ አበባ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። 2 ኪሎ ተኩል ቀንሼ ነበር፤ ሁሉም ተመለሰ። ይነሱ የምለው ለዚህ ነው።

ብሎክ 12፦
እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ሰው ራሱን መግዛት ሲያቅተው የሌላውን እንጀራ ይነሳልኝ ማለት የለበትም። እኔ 96 ኪሎ ነበርኩ፣ ዛሬ 79 ነኝ። ማንም ምንም አላነሳልኝም። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ እሮጣለሁ። እኔን የሚያህል ሰው 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው 400 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሁለት ቦምቦሊኖ ያን ሁሉ ልፋት ይመልሰዋል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቆረጥኩ። አሁን ማታ የምገባው በኋላ በር ነው፣ አላየውም፣ አላሸተውም።

ብሎክ 19፦
እኔ የምደግፈው መነሳቱን ነው፣ ምክንያቴ ግን ልጆች ናቸው። ከትምህርት ቤት ሰርቪስ ወርደው ቀጥታ እዚያ ነው የሚሮጡት። ዘይቱን አይታችሁታል? እንደ ቡና የጠቆረ ነው። መንግሥት እንኳ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥ ላይ ታክስ የጣለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ነገር ሰው ይበላል፤ የ9 ዓመት ልጅ ራሱን ይግዛ አይባልም።

ብሎክ 8፦
ነርስ ነኝ፣ ከሥራ አሁን ገባሁ። መጀመሪያ ለብሎክ 12፦ ወንድሜ፣ 17 ኪሎ መቀነስህ ትልቅ ነገር ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናልህ። ግን «በኋላ በር ነው የምገባው» ያልከውን ደግመህ አንብበው። አንተም ያሸነፍከው ፊት ለፊት ቆመህ አይደለም፣ መንገድ ቀይረህ ነው። ብሎክ 31 ሕንፃ ለኋላ በር ሩቅ ነው፣ መብራትም የለውም። ሴት ልጅ በዚያ ሰዓት በዚያ ትግባ አትለኝም።

ራስን መግዛት ስለሚባለው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን አንድ ወር ያህል እዚያው አሳድረው መገቧቸው። ሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ። በሁለቱም ጊዜ የቀረበው ካሎሪ፣ ስብ፣ ስኳርና ጨው ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ ተባሉ። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፣ አንድ ኪሎ ገደማም ጨመሩ። ፈጠን ፈጠን ብለውም ነበር የሚበሉት። ሁለቱንም የበሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠባያቸው አልተለወጠም፣ የተለወጠው ሳህናቸው ነው። ቦምቦሊኖ የፋብሪካ ምግብ አይደለም፣ ግን ለስላሳ ነው፣ አይታኘክም፣ ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ባንድ ጉርሻ ይዟል። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ አለው፣ አንድ ግራም ዱቄት ወይም ስኳር 4 ገደማ። ሆድ ጠገብኩ ሳይል ሦስተኛው አልቋል።

ብሎክ 31፣ 6 ኪሎ ያሉሽም በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ትልቅ ጥናት እንዳንቺ ለስኳር የተቃረቡ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ነበር። የ84 ኪሎ 7 በመቶ 6 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ ተስፋ እንዳትቆርጪ።

ብሎክ 25፦
ስም አልተጠራም እንጂ የምታወሩት ስለ እናቴ ነው። ሦስት ቀን ዝም ብዬ አነበብኩ፤ አሁን ልናገር።

እናቴ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ዱቄቱን ነፍታ ታቦካለች። ሊጡ ኩፍ እስኪል ድንች ትልጣለች። 10 ሰዓት ላይ ታድበለብላለች፣ መሐሉን በጠርሙስ ክዳን ትበሳለች። 11 ሰዓት ከሰሉን ተሸክማ ትወርዳለች። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ጭስ ላይ ናት። የዚህ ቤት ኪራይ፣ የእኔም የኮሌጅ ክፍያ ከዚያ ድስት ነው የወጣው።

ጥያቄ አለኝ። ብሎክ 2 ሥር ያለው ኬክ ቤት በክሬም የተሞላ ሚልፎይ ይሸጣል። ጁስ ቤቱ አቮካዶ ላይ ስኳርና ቪምቶ ጨምሮ በትልቅ ብርጭቆ ይሰጣል። ሱቆቹ ለስላሳውን በሳጥን ደርድረውታል። ይነሱ ያለ አለ? የለም፤ እነሱ ቤት አላቸው፣ መስታወት አላቸው። ጤና ከሆነ ሁሉም ይነሳ። ካልሆነ የሚነሳው ድሀው ብቻ ለምን ይሆናል? ስብሰባው ላይስ እናቴን ማን ጠራት? ከጥበቃው ነው የሰማችው። ሰምታ ስትመጣ ምንም አላለችም፣ ሊጡን ሸፍና ተቀመጠች።

ብሎክ 40፦
ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ዕድሜዬ 71 ነው። ይቺ ልጅ ያለችው እውነት ነው፤ ሰው ሳይጠሩ ሰው ላይ መፍረድ በእኛ ወግ የለም።

ስለ ምግቡም የማውቀውን ልበል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሌሎቹም አሉ። እናቴ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም ነበር። ስታፈርስ ግን የሚጠብቃት ሽሮና ጎመን፣ ምስርና ተልባ ነበር። ዛሬ የጾም ምግብ ሲባል የምናየው ምንድነው? የተጠበሰ ድንች፣ የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ በዘይት የዋኘ ፓስታ። ቅቤ ቀርቷል ብለን ዘይቱን በጀሪካን ገለበጥነው። በጾም የሚወፍር ሰው ድሮ አላየሁም፣ አሁን እያየሁ ነው። እኔም ደም ግፊት ይዞኛል። ማታ ግን እጣኑን ሳጨስ ያ ሽታ በመስኮት ሲገባ ልቤ ይሄዳል። ስለዚህ የብሎክ 31ዋን ልጄን አልወቅሳትም።

ብሎክ 16፦
አባባ ያሉት ትዝታዬን ቀሰቀሰው። እኛ ቤት ረመዳን ያለ ሳምቡሳ አይታሰብም። ቀኑን ሙሉ ጾመን ሽታው ቤቱን ሞልቶት እንውላለን። ግን ስናፈጥር መጀመሪያ የምንቀምሰው ቴምርና ውሃ ነው። ከዚያ ተነስተን መግሪብ እንሰግዳለን። ከዚያ ሾርባ። ሳምቡሳው ላይ ስንደርስ ያ የመጀመሪያው ረሃብ አልፏል፣ ሁለት ይበቃል። አንድ ቀን እንግዳ በዝቶ ተቻኩለን ከሳምቡሳ የጀመርን ጊዜ ስድስት ስድስት በልተን ማታውን ሆዳችንን ይዘን አደርን። ሳምቡሳው ያው ነው፣ ሴቲቱም ያችው ነች፣ እጄ ነው የጠበሰው። እህቴ ብሎክ 31፣ ያንቺ ችግር ከ7 ሰዓት ረሃብ በኋላ ቀጥታ ሳምቡሳው ላይ መውደቅሽ ይመስለኛል። ከመንገድ በፊት የሆነ ነገር ቅመሺ።

ብሎክ 31፦
እህቴ፣ ይህን ካልሽ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ከቤት ንፍሮ ይዤ እሄዳለሁ፣ ስንዴና ሽምብራ። 11 ሰዓት ላይ ከቢሮ ሳልወጣ አንድ ሲኒ ያህል እበላና ውሃ እጠጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም፣ ሁለት ገዛሁ። ሁለተኛው ቀን አንድ። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን ቆም ብዬ አየሁት፣ ደስ ይላል፣ ግን አልጎተተኝም፣ አለፍኩ። ዛሬ ሆን ብዬ አንድ ገዝቼ ቤት ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ በሻይ በላሁ። አንዱ በቃኝ። ስንት ጊዜ በላሁት፣ ጣዕሙን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ለብሎክ 25፦ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። አይደለም፣ ራሴ መጥቼ እጠይቃለሁ። በሳምንት አምስት ቀን እየገዛኋት ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። ይነሱ ያልኩትን ስቤያለሁ። የልጆቹና የዘይቱ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል፤ እሱን አልተውኩም።

ብሎክ 19፦
እኔም አልተውኩም። ልጄ ንፍሮ ይዞ አይሄድም። ኬክ ቤቱም ቢሆን ልጆች ሲገቡ አይቻለሁ፣ እውነቷን ነው፤ ግን ልጄ በየቀኑ የሚያልፈው በኬክ ቤቱ በኩል አይደለም፣ በድስቱ በኩል ነው። ቢያንስ ሰርቪስ በሚገባበት ሰዓት፣ ከ9 እስከ 11፣ እዚያ ምንም አይጠበስ። ይህ ካልሆነ እሁድ እጄን የማወጣው ለ«ይነሱ» ነው።

ብሎክ 25፦
እናቴ ከ11 ሰዓት በፊት ወርዳ አታውቅም። ቀን ላይ የሚጠብሱት ሌሎቹ ናቸው፣ እነሱን መጠየቅ ይቻላል። ዘይቱን በተመለከተ ነርሷ ትንገረን፣ መቼ ነው የሚደፋው? ማንም ነግሯት አያውቅም።

ብሎክ 8፦
ቀለሙ ሲጠቁር፣ ሲወፍር፣ አረፋ መያዝ ሲጀምር፣ ወይም እሳቱ ሳይበዛ ቶሎ ሲጨስ መደፋት አለበት። የተቃጠለውን ፍርፋሪ ማታ ማታ በጨርቅ አጥልሎ ማውጣትም ዕድሜውን ያረዝመዋል። በአሮጌው ላይ አዲስ ጨምሮ መቀጠል ግን አይሆንም። የሚረጋውን ፓልም ዘይት ትታ ፈሳሹን የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ብትጠቀም የተሻለ ነው፣ የፓልም ስብ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ነው። ውድ መሆኑን አውቃለሁ።

ብሎክ 25፦
ነገርኳት። «በየሦስት ቀኑ ብደፋ አንዱ ላይ ሁለት ብር መጨመር አለብኝ፤ ይከፍላሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለች። ንፍሮውንም ሰምታ «ሽምብራማ እኔም እቀቅላለሁ፣ ማታ በጭልፋ ልሽጥላቸው?» ብላለች።

ብሎክ 12፦
ሁለት ብሩን እኔ እከፍላለሁ። የማልበላው ሰው እከፍላለሁ ማለቴ ግር አይበላችሁ፤ ሽምብራውን በዋናው በር መጥቼ እገዛለሁ።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ የእሁዱ አጀንዳ «ይነሱ ወይስ ይቆዩ» የሚለው ቀርቶ ለሁለት ተከፍሏል፦ የሚጠበስበት ሰዓትና የዘይቱ ሁኔታ። ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት በሜዳው ላይ ነው። ሦስቱንም እናቶች ዛሬ ማታ በአካል ሄጄ ጠርቻቸዋለሁ፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ባለመጠራታቸው በኮሚቴው ስም ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አንደኛዋ ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ከፊት ወንበር ይያዝላቸው።