አቧራ መጥረጊያ ስፖንጄ ደርቆ ጣውላ ሆነ፤ ልጣለው ወይስ ይድናል?

ማስነጠስ የሰለቸው፦

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ደግሞ ይጠየቃል ወይ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ። አፍንጫዬ አቧራ አይችልም። መደርደሪያ በደረቅ ጨርቅ በጠረግኩ ቁጥር እንባዬ እስኪመጣ አስነጥሳለሁ። የላባ መጥረጊያውማ ባይነሳ ይሻላል፤ አቧራውን ከዕቃው ላይ አንስቶ እኔ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ስለዚህ ረጠብ አድርገው የሚጠርጉበት፣ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል፣ አንድ ፊቱ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ስፖንጅ ገዛሁ።

የመጀመሪያ ቀን ቧንቧ ስር ነከርኩት፣ ጨመቅ አደረግኩት፣ ጥቁሩ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ አሳለፍኩት። አቧራው ጭቃ ሆነ። ሲደርቅ ደግሞ ቀንድ አውጣ የሄደበት ይመስል ግራጫ መስመር በመስመር ሆኖ ቀረ። ተናድጄ ስፖንጁን አጥቤ መስኮቱ ጥግ ወረወርኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ሳነሳው ጠረጴዛውን ሲነካ ቋ ይላል! ጠርዙን ላጥፈው ስሞክር ሊሰነጠቅ ሆነ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ይሄ ነገር ሞቷል? ሌላ ልግዛ ካልኩስ ምን ዓይነቱን?

የሰው ቤት አጽጂ፦

ወንድሜ፣ አልሞተም፣ ተኝቷል። ብቻ እንዳታጥፈው! የነገርከን ፒቪኤ የሚባለው ዓይነት ይመስለኛል። እሱ ሲደርቅ መጠንከር፣ ውሃ ሲያገኝ መለስለስ ተፈጥሮው ነው። ደርቆ ሳለ ካጠፍከው ግን ይሰበራል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጣለውና ራሱ እስኪለሰልስ ተወው።

ጭቃው የመጣው ከስፖንጁ ሳይሆን ከውሃው ነው። ብዙ ዓመት የሰው ቤት ሳጸዳ ኖሬያለሁ፣ አዲስ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚችው ላይ ነው። በእጅ መጭመቅ ብቻውን አይበቃም። ከጨመቅከው በኋላ ደረቅ ፎጣ መሃል አስገባውና በመዳፍህ ተጫነው። አትጠምዝዘው፣ መጠምዘዝ ይቀደዋል። ከዚያ የእጅህ ጀርባ ላይ አሳርፈው። ቀዝቀዝ ማለቱ ይሰማህ እንጂ ቆዳህ ላይ የሚያብለጨልጭ ውሃ አይታይህ። ውሃ ካየህ ወደ ፎጣው መልሰው።

ደረቁ ጨርቅ የሚያስነጥስህ ደቃቁን አቧራ መያዝ ስለማይችል ነው፤ አየር ላይ ይበትነዋል። ፕላስቲክን በደረቅ ስታሽ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና ያባረርከውን አቧራ መልሶ ይስበዋል። በስፖንጁ ላይ ያለችው ጥቂት እርጥበት ግን አቧራውን አጣብቃ ትይዘዋለች። ሸንተረሩም ለጌጥ አይደለም፤ ለጥ ያለው ፊት አቧራውን እየገፋ ጫፍ ላይ ሲቆልለው፣ ሸንተረሩ መሃሉ ይሰበስበዋል። ወዲያና ወዲህ አትፈትግ። በአንድ አቅጣጫ ሳብ፣ አንሳ፣ እንደገና ሳብ። መሃሉ ሲጠቁር እጠበው። ሳሙና አያስፈልግም፤ በደንብ ካልለቀቀ ዕቃው ላይ ይቀርና አዲስ አቧራ ይይዛል።

ስለ ግዢው፣ ሴሉሎስ የሚባለው፣ ከዕፅዋት ጭረት የሚሠራው ስፖንጅ፣ ውሃ በጣም ስለሚጠጣ የፈሰሰ ነገር ለመምጠጥ እንጂ ለአቧራ አልወደውም። ደርቆም ለስላሳ የሆነው የፎም ዓይነት ይሠራል፣ ግን እያደር ይፈረፈራል። ነጩን፣ እድፍ እንደ ላጲስ የሚያጠፋውን ግን ለአቧራ እንዳትነካው። እጅህ ላይ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ሥራው መፋቅ ነው። እኔ በጀማሪነቴ የሚያብረቀርቅ የቁም ሳጥን በር በእሱ አሽቼ መሃሉን አደብዝዤዋለሁ። ባለቤቲቱ አልተናገሩኝም፤ ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ባለ ማይክሮፋይበር፦

እህታችን ሁሉን ብለውታል፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ለሰፊና ለጥ ላለ ቦታ ረጠብ ያለ ማይክሮፋይበር፣ ማለትም በጣም ደቃቅ ክር ያለው ጨርቅ፣ ይበልጣል፤ በማሽን ይታጠባል፣ አራት ቦታ አጥፈህ ስምንት ንጹሕ ፊት ታገኛለህ። የልብስ ማለስለሻ ብቻ አትጨምርበት፣ ክሩን ይሸፍነውና አቧራ መያዙን ያቆማል። ስፖንጁን ለግድግዳው ግርጌ ጣውላና ለበር ቅርጻ ቅርጽ ተወው።

ሌላው፣ እኔም እንዳይደርቅብኝ ብዬ ፒቪኤውን ከነእርጥበቱ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ዘግቼበት ነበር። በሳምንቱ ስከፍተው ሽታው ገፋኝ፣ ጥቁር ነጠብጣብም አውጥቶ ነበር። ሻጋታ! እንዳንተ ላለ አፍንጫ ከአቧራው ይብሳል። ጣልኩት።

የሰው ቤት አጽጂ፦

ስለ ጨርቁ አልከራከርህም። ክዳኑን ግን ልክ ብለሃል። አጥቦ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አቁሞ እንጨት እስኪሆን ማድረቅ ነው። በረኪናም አይንካው።

ማስነጠስ የሰለቸው፦

ተነሳ! መጀመሪያ እንደ ጣውላ ተንሳፈፈ። ከዚያ አንዱ ማዕዘን ብቻ ዝቅ አለ፣ ቀስ በቀስ ውሃው ወደ መሃል ሲገባበት ቁጭ ብዬ አየሁት። አሁን ጣቴን ስጫነው ይሰምጣል። የፎጣውንም ዘዴ ሞከርኩ፤ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው ላይ አንድ መስመር የለም።

አንድ ጥፋት ግን አለ። በደስታ ሳልጨምቀው ቫርኒሽ የተቀባው አሮጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሄድኩ። ስመለስ በስፖንጁ ልክ ደመና የመሰለ ነገር ወጥቷል። ምን ላድርግ?

የሰው ቤት አጽጂ፦

ነጭ ነው ጥቁር? ነጭ ከሆነ እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ነው ያለው። አትፈትገው፣ ይድረቅ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ከጠቆረ ግን ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል፣ ያ የአናጢ ሥራ ነው። ቫርኒሽ ያልነካው እንጨት፣ የመጽሐፍ ጠርዝና የወረቀት አምፖል ሽፋን ላይ ስፖንጁን አታሳርፍ፤ ለእነሱ ለስላሳ ብሩሽ ነው። መብራትና ቴሌቪዥን የምትጠርገው ከሶኬት ነቅለህ፣ አምፖሉም በርዶ ይሁን።

ማስነጠስ የሰለቸው፦

ነጭ ነው። እጄን ሰብስቤ እጠብቃለሁ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያስነጠስኩት፤ እሱም የመደርደሪያውን ታች ጨርሼ ላዩን ስጀምር ያለው ሁሉ ወደ ታች ወርዶብኝ።