አራስ ሕፃን ማስተንፈስ ለመለማመድ የትኛው ጨዋታ ይሻላል?

«ሰላም ለእናንተ። ነርስ ነኝ፤ ሰኞ ማዋለጃ ክፍል እጀምራለሁ። ተማሪ ሳለሁ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር የሚሰጠውን ፊኛ) የያዝኩት ሁለቴ ብቻ ነው። የምለማመድበት ጨዋታ ወይም አፕ ካለ ጠቁሙኝ።»

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ።

መጀመሪያ ሴፍ ዴሊቨሪ አፕን አውርጂ። የዴንማርኩ ማተርኒቲ ፋውንዴሽን ሥራ ነው፤ ነፃ ነው። አንዴ ከወረደ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ለሌሊት ተረኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ማይለርኒንግ የሚባለው ክፍሉ በጥያቄ ደረጃ በደረጃ ያስወጣሻል። ደግሞ እዚሁ አገራችን ነው የተፈተነው። ምዕራብ ወለጋ ውስጥ በ73 ጤና ተቋማት ተጠንቶ፣ አፑን የተጠቀሙት ባለሙያዎች ሕፃን የማስተንፈስ ችሎታቸው ጨምሮ ተገኝቷል።

ላይፍ የሚባለው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ያስገባሻል። ሕፃኑ አይተነፍስም፤ ቀጥሎ የምታደርጊውን አንቺ ትመርጫለሽ። ቅደም ተከተሉ እንዳይጠፋብሽ እሱን ደጋግመሽ ተጫወቺው። ካሁት የሚባለው የጥያቄና መልስ ጨዋታ በቡድን ቲዎሪ ለመከለስ ጥሩ ነው፣ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ዋናው ግን እጅሽ ነው። ስልክ ላይ «አየር ስጪ» የሚለውን ስትነኪ ሁሌም አየር ይገባል። እውነቱ እንደዚያ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ኒዮናታሊ በምትባለው አሻንጉሊት ስለማመድ፣ አምቡ ባጉን ስጨምቅ ደረቷ ንቅንቅ አላለም። አየሩ በጉንጯ በኩል እየሾለከ ነበር። አገጯን ቀና አድርጌ ማስኩን በደንብ ስገጥመው ነው ደረቷ ከፍ ያለው። ያቺን ቅጽበት እጄ እስካሁን ያስታውሳታል። ኒዮናታሊ ውኃ ስለምትሞላ ክብደቷም ልፍስፍስነቷም እንደ ሕፃን ነው።

እኛ ክፍል ተረኛ ስንቀያየር 10 ደቂቃ እንጫወታለን። አንዷ ወረቀት ታወጣለች፤ «አላለቀሰም» ወይም «የእንሽርት ውኃው አረንጓዴ ነው» ይላል። ሌላዋ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። በ60 ሴኮንድ ውስጥ ማድረቅ፣ ማነቃቃት፣ ካልተነፈሰ አየር መስጠት መጀመር አለባት። ከዚያ በደቂቃ 40 ጊዜ።

«ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሻንጉሊቷ ከሌለችስ?»

የተማርሽበት ኮሌጅ ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ሄደሽ ለምኚ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት ነው የምትገኘው። ሰኞ ደግሞ ገና እንደገባሽ፣ ማሞቂያው አጠገብ አምቡ ባጉ ከ0 እና ከ1 ቁጥር ማስክ ጋር መኖሩን በዓይንሽ እዪ።